የኮምፒዩተር ቁልፍ ገበታና የሀዋሳ ተማሪ፤ በአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራሞች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ሀዋሳ በሦስት ቋንቋና በሁለት ዓይነት ፊደል የምትጻፍ ከተማ ናት። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል፣ እንግሊዝኛም በላቲን ፊደል በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ፣ በሱቁ ማስታወቂያና በተማሪው ደብተር ላይ ጎን ለጎን ይታያሉ። ከተማይቱ አማርኛን የሥራ ቋንቋው ያደረገው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ሆና ብዙ ዓመታት ከቆየች በኋላ፣ የሲዳማ ክልል በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. በመቋቋሙ ሲዳሙ አፎን የሥራ ቋንቋው ላደረገው አዲስ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች።

የሲዳማ ልጅ አፉን በፈታበት ቋንቋ ማንበብና መጻፍ ይጀምራል፤ አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይቀበላል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ደግሞ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ደብተርና እርሳስ እስከያዘ ድረስ ይህ ሁሉ ከትምህርቱ ክብደት በቀር ሌላ ችግር አይፈጥርበትም፤ እርሳስ ለሁሉም ፊደል እኩል ይታዘዛልና። ኮምፒዩተር ፊት በቀረበ ጊዜ ግን የሚጠብቀው ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ተብሎ የተሠራ አንድ የቁልፍ ገበታ ብቻ ነው። በገበታው ላይ አማርኛ ለመጻፍ የሚያስችሉት ፕሮግራሞች ከተሠሩ አርባ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል። ባለሙያዎቹ የፈጸሙት ሥራ ታላቅ መሆኑ የማይካድ ሲሆን፣ ፕሮግራሞቹ ከትምህርት አንጻር ተመዝነው የቀረቡበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ መመዘን ነው። የመመዘኛው ጥያቄም አንድ ነው፤ ፕሮግራሞቹ እንዲስማሙ ሆነው የተሠሩት ለማን ነው? ከዚህ በታች እንደሚታየው መልሱ፣ እንግሊዝኛ ቀድሞ ለሚያውቅ ጎልማሳ ጸሐፊ እንጂ ለሀዋሳ ተማሪ አይደለም የሚል ይሆናል። ጉድለቱ ከፊደሉ የመጣ አይደለም፤ ከዚህ የተነሳ ሊታረም የሚችል ነው።

1. ከጽሕፈት መኪና የተወረሰ ችግር

የግዕዝ ፊደል በኅትመት ዓለም አዲስ አይደለም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል ሮማ ላይ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1513 ነው። ማተሚያ ቤት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን የብረት ቅርጽ አዘጋጅቶ በሣጥን ስለሚያስቀምጥ፣ የፊደላቱ ብዛት ሥራውን ከማክበድ አልፎ የሚያግደው አልነበረም። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም በዚሁ መንገድ ሠርቷል።

የፊደል ብዛት እንደ ችግር መቆጠር የጀመረው የጽሕፈት መኪና ከመጣ በኋላ ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እነ ሏ፣ ቋና ጓ እንዲሁም ቁጥሮችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲታከሉበት ድምሩ ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። ዛሬ በሰፊው የተለመደው የእንግሊዝኛ ቁልፍ ገበታ በአንጻሩ 47 የፊደልና የምልክት ቁልፎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቁልፍ በሺፍት ሁለት ጊዜ ቢያገለግል እንኳ ከ94 ቅርጾች በላይ ሊያወጣ አይችልም። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሳሰሉ ቀደምት ሰዎች ከጣልያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ለዚህ ያገኙት መፍትሔ፣ ፊደሉን በአካሉና በቅጥያው ከፍሎ በመኪናው ላይ መልሶ መገጣጠም ነበር። ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የተሰራጩት የአማርኛ የጽሕፈት መኪናዎችም ይህንኑ ዘዴ ተከትለዋል።

ብልሃቱ ብዙ ጠቅሟል፤ የመንግሥት ደብዳቤ ለዓመታት የተጻፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን ቅጥያው ከአካሉ ርቆ ወይም ተደርቦ የሚያርፍበት ጊዜ ስለነበረ፣ ከመኪናው የሚወጣው ጽሑፍ ከእጅ ጽሕፈቱና ከማተሚያ ቤቱ ያነሰ ውበት ነበረው። ከውበቱ ይልቅ ለትምህርት የከበደው ግን ሌላው ውጤት ነው። መኪናው ለፊደሉ አልበቃ ባለ ጊዜ በክርክሩ ለፍርድ የቀረበው መኪናው ሳይሆን ፊደሉ ሆነ። ፊደል ይቀነስ፣ ቅርጹ ይሻሻል የሚለው ሐሳብ ሌሎች ምክንያቶች ቢኖሩትም፣ ከጽሕፈት መኪና ጋር አይስማማም የሚለው ማስረጃ ከዋነኞቹ አንዱ ሆኖ ይቀርብ ነበር። ይህ አስተሳሰብ በኮምፒዩተሩ ዘመንም አልጠፋም፤ መሣሪያው እንደ ተፈጥሮ ሕግ፣ ፊደሉና ተማሪው ደግሞ እንደሚታረሙ ነገሮች ይታያሉ።

2. የመጀመሪያዎቹ ፕሮግራሞች ውለታና ጉድለት

የግል ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከተስፋፋ በኋላ በውጭ አገር ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በመሣሪያው ላይ ለመጻፍ የሚያስችሉ ፕሮግራሞችን ማዘጋጀት ጀመሩ። ከእነዚህ መካከል የእነ ፍስሃ አጥላው፣ የእነ አበራ ሞላና የእነ አባስ አላምነህ ሥራዎች ይጠቀሳሉ። በኋላ ደግሞ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች በአገር ውስጥ መሥሪያ ቤቶች፣ በጸሐፊዎች ማሠልጠኛዎችና በኅትመት ቤቶች በሰፊው ገቡ። የእነዚህ ፕሮግራሞች ውለታ ግልጽ ነው፤ ቅጥያ መገጣጠምን አስቀርተው እያንዳንዱ ፊደል በሙሉ ቅርጹ እንዲታይ አድርገዋል። ፊደሉ ለመሣሪያ አይመችም የሚለውንም ክርክር በተግባር አፍርሰዋል።

ጉድለታቸውን ለመረዳት የአሠራራቸውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው የፊደል ቅርጽ ሳይሆን ቁጥር ነው። ለምሳሌ የላቲኑ ትልቁ ኤ ቁጥሩ 65 ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ለላቲን ፊደላትና ምልክቶች የተሰጡትን ቁጥሮች ተውሰው፣ በእነዚሁ ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ቅርጽ አለበሱ። በአንድ ፎንት ውስጥ የሚገኙት ቁጥሮች ከ256 ስለማይበልጡና ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለሌላ ሥራ የተያዙ ስለሆኑ፣ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች የከፋፈሉም ነበሩ። ከሁሉም የከበደው ግን እያንዳንዱ አዘጋጅ ቁጥሮቹን በየራሱ ፈቃድ ማደሉ ነው። ስለሆነም በአንድ ቤት የተጻፈ ሰነድ ያ ፎንት ወደሌለበት ቤት ሲሻገር ልብሱ ይወልቃል፤ አንባቢው የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። አንድ መምህር ያዘጋጀው ፈተና በሌላ መሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ተከፍቶ መነበብ ካልቻለ፣ ድካሙ እንደገና በእጅ መተየብ ይሆናል።

ይህን ችግር ከሥሩ የፈታው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶችን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ ሀ የራሷ ቁጥር አላት፤ እርሱም 4608 ነው፤ ይህን ቁጥር ሌላ ፊደል አይወስድባትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለመኤን፣ በ2010 ለጋሞ ጎፋ ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ተካተዋል። በ2021ም ለጉራጌ የሚያገለግሉ ሌሎች ታክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ መምጣቱም ነገሩን ከልዩ ባለሙያ እጅ አውጥቶ ለተራው ተጠቃሚ አቅርቦታል።

በዚህ ረገድ ለዕቅድ አውጪዎች የቀረው ሥራ ቴክኒካዊ ሳይሆን አስተዳደራዊ ነው። በዩኒኮድ ያልተጻፉ የቆዩ የትምህርት ሰነዶች ወደ አዲሱ ሥርዓት ካልተመለሱ፣ የጻፏቸው ፕሮግራሞች ሥራ ላይ መዋላቸው ባቆመ ጊዜ ይዘታቸው አብሮ ይጠፋል። ወረቀት ቢያረጅም ይነበባል፤ ቁልፉ የጠፋበት የኮምፒዩተር ሰነድ ግን አዲስ እንደሆነ ሳይነበብ ይቀራል።

3. በላቲን ድምፅ የመጻፍ ዘዴና የሲዳማ ተማሪ

ዩኒኮድ የመለሰው ፊደሉ እንዴት ይቀመጥ የሚለውን ጥያቄ ነው። ፊደሉ በምን ቁልፍ ይጻፍ የሚለውን ግን አልመለሰም፤ ይህ የእርሱ ተግባር አይደለምና። በዚህ ረገድ በሰፊው ተቀባይነት ያገኘው ዘዴ ድምፅን መሠረት ያደረገው ነው። ከመነሻዎቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት፣ ሴራ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው፣ የግዕዝን ፊደል በላቲን ፊደል የመወከል ሥርዓት ነው። ዓላማውም የግዕዝ ፎንት በሌለባቸው ኮምፒዩተሮች መካከል ጽሑፍ ሳይዛባ እንዲተላለፍ ማድረግ ነበር።

በዚህ ዘዴ ተናባቢው ብቻውን ሲነካ ሳድሱ ይወጣል፤ አናባቢ ሲከተለው ወደ ሌላው ቤት ይዛወራል። ኤስ ስ ይሰጣል፤ ኢ ሲጨመርበት ሰ ይሆናል። ሰላም ለመጻፍ አምስት ቁልፍ ይበቃል። የላቲን ፊደል ያልበቃላቸው ድምፆች ደግሞ በሌሎች ቁልፎች ተደለደሉ፤ ኤክስ ለሽ፣ ትንሹ ሲ ለች፣ ትልቁ ሲ ለጭ፣ ትልቁ ቲ ለጥ፣ ትልቁ ፒ ለጵ፣ ትልቁ ኤን ለኝ፣ ትልቁ ኤስ ለጽ ተሰጡ። እንግሊዝኛ መተየብ የለመደ ሰው ይህን በጥቂት ቀናት ሊቀበለው ይችላል። አዲስ ገበታ መግዛት፣ ቁልፍ ላይ መለጠፍ ወይም ረዥም ሥልጠና መውሰድ አያስፈልገውም። ዘዴው በጎልማሳው ዘንድ መወደዱ ተገቢ ነው።

ሆኖም የዘዴው ምስጢር ተጠቃሚው የላቲንን ፊደል በእንግሊዝኛ ልማድ ያውቃል ብሎ መነሣቱ ላይ ነው። የሀዋሳ ተማሪ የላቲንን ፊደል ያውቃል፤ ያወቀው ግን በሲዳሙ አፎ ነው። በሲዳሙ አፎ አጻጻፍ ኤክስ ማለት ጥ ነው፤ ሲ ብቻውን ጭ ነው፤ ሲና ኤች ተጣምረው ች ይሆናሉ፤ ኤስና ኤች ሽ፣ ፒና ኤች ጵ፣ ኤንና ዋይ ኝ ይሰጣሉ። ይህ ልማድ ለሲዳማ ብቻ የተለየ አይደለም፤ በአፋን ኦሮሞ ቁቤም በአብዛኛው ይኸው ነው። እንግዲህ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በዚህ ሥርዓት የተማረ ልጅ ጣና ብሎ ለመጻፍ ኤክስን ቢነካ ሻና ይወጣለታል፤ ጭቃ ለማለት ሲን ቢነካ ችቃ ይነበባል። በቋንቋው መልካም ማለት የሆነውን ዳንቻ የተባለውን ቃል በለመደው አጻጻፍ ቢተይበው ማያው ላይ የሚታየው ዳንችሃ ነው። ልጁ አልተሳሳተም፤ መምህሩ ያስተማረውን በትክክል ሠርቷል። ፕሮግራሙ ግን ስሕተት አድርጎ ይመልስለታል።

ሁለተኛው ግጭት በመደጋገም ላይ ነው። በሲዳሙ አፎ አንድ ተናባቢ ሁለት ጊዜ መጻፉ ድምፁ መጥበቁን፣ አናባቢም ሁለት ጊዜ መጻፉ ድምፁ መርዘሙን ያመለክታል፤ ይህም የቃሉን ትርጉም የሚለውጥ ዋነኛ ሕግ ነው። ከሴራ በተወለዱ አንዳንድ የመተየቢያ ዘዴዎች ግን ኤስ ሁለት ጊዜ ሲነካ ሥ፣ ኤች ሁለት ጊዜ ሲነካ ኅ ይወጣል። በአንዱ ክፍለ ጊዜ የጥብቀት ምልክት ሆኖ የተማረው ነገር በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የፊደል ዓይነት መምረጫ ይሆንበታል።

ሦስተኛው ግጭት በትልቁና በትንሹ የላቲን ፊደል መካከል ያለው ነው። በሲዳሙ አፎም ሆነ በእንግሊዝኛ ትልቁ ፊደል የዓረፍተ ነገር መጀመሪያን ወይም የተጸውዖ ስምን የሚያሳይ የአጻጻፍ ደንብ ነው እንጂ ድምፅ አይለውጥም። በአማርኛው መተየቢያ ግን ትልቁና ትንሹ ቲ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ስለዚህ የሰውን ስም በትልቁ ፊደል መጀመር እንዳለበት በሚገባ የተማረ ተማሪ ተስፋዬ ለማለት ጠስፋዬ ሊጽፍ ይችላል።

እነዚህ ነጥቦች ተራ የጣት ልማድ ጉዳዮች መስለው ሊታዩ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ከኋላቸው ያለው ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። አማርኛ ለሲዳማው ልጅ ሁለተኛ ቋንቋው፣ ግዕዝም ሁለተኛ ፊደሉ ነው። በሰሌዳ ላይ በተማረው በሀሁ ቅደም ተከተል ፊደሉ አንድ ሙሉ ቀለም ነው፤ በኮምፒዩተሩ ላይ ግን ይኸው ቀለም በእንግሊዝኛ ልማድ ተበትኖ ይቀርብለታል። ስለሆነም አማርኛ ለመጻፍ በመጀመሪያ እንደ እንግሊዝኛ ማሰብ ይገደዳል። ይህ ያታከተው ወጣት አማርኛውንም በላቲን ፊደል መጻፍን ቢመርጥ የሚያስገርም አይሆንም። ለዚህ ምርጫ የስልክ አጭር መልእክት ሥርዓትም ያግዘዋል፤ አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክቶች ሲይዝ በግዕዝ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። በእርግጥ ሰላም በግዕዝ ሦስት ፊደል፣ በላቲን አምስት በመሆኑ ልዩነቱ ከቁጥሩ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ወጪው ወደ ላቲን ያዘነብላል።

ነገሩ በሀዋሳ የትውልድ መልክም አለው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት የአገሪቱ ቋንቋዎች ሲካሄድ ሲዳምኛ አንዱ ነበር፤ ማስተማሪያ ጽሑፎቹም የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የተማረው ትውልድ ግን ያንኑ ቋንቋ የሚያነበው በላቲን ነው። ስለዚህ በዘመቻው ፊደል የቆጠሩት አያትና ዛሬ ትምህርት ቤት ያለው የልጅ ልጅ አንዱን ቋንቋ በሁለት ፊደል ያነባሉ። የሁለቱን ፊደላት ድልድይ ሊሠራ የሚችለው መሣሪያ ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ድልድዩ ግን የተሠራው በሌላ ቋንቋ ልማድ ላይ ነው።

4. አንድ ድምፅ፣ ብዙ ቁልፍ፤ የተማሪ መዝገብ ችግር

የቁልፍ ገበታው ጉድለት ከመማሪያ ክፍል አልፎ ወደ መዝገብ ቤት ይደርሳል። ለዚህ የከተማይቱ ስም ራሱ በቂ ምሳሌ ነው። የመጀመሪያው ድምፅ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ፣ የመጨረሻውም በሳ ወይም በሣ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ሀዋሳ የሚለው ስም አነባበቡ ሳይለወጥ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል፤ አዋሳ የሚለው የቀድሞው አጠራር በዚህ ቁጥር አይገባም። ሰው ይህን ሁሉ አንድ አድርጎ ያነባል። ኮምፒዩተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ስላለው 12 የተለያዩ ከተሞች አድርጎ ይቆጥራል።

ከከተማው ስም ይልቅ የተማሪው ስም ይከፋል። በዩኒኮድ ቅደም ተከተል ሀ መጀመሪያ፣ ሐ ከለ በኋላ፣ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ ስለሚገኙ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉና ኃይሉ ተብለው የተመዘገቡ ተማሪዎች በአንድ የስም ዝርዝር ውስጥ ተራርቀው ይቀመጣሉ። አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወር አዲሱ መዝጋቢ ስሙን በሌላው ሀ ቢጽፈው፣ ፕሮግራሙ አዲስ ተማሪ መጣ ብሎ ሊመዘግብ፣ የቀድሞ ውጤቱንም ሊያጣው ይችላል። በሲዳሙ አፎ የተጻፈ ስም ወደ ግዕዝ ፊደል ሲዛወር ደግሞ የአናባቢው ርዝመትና የተናባቢው ጥብቀት ይቀራል፤ ከግዕዝ ወደ ላቲን ሲመለስም የመጀመሪያውን አጻጻፍ መልሶ ማግኘት አይቻልም። የዕቅድ አውጪው የተማሪ ቁጥር የሚገነባው በእነዚህ ስሞች ላይ መሆኑ ሲታሰብ፣ ጉዳዩ ከፊደል ውበት ያለፈ መሆኑ ግልጽ ነው።

መፍትሔው ፊደል መሰረዝ ነው የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በግዕዝ ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ደግሞ የሌላውን ወሰደ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በጥንቱ ሥነ ጽሑፍ ትርጉም ያለው ነውና በማሽን ምቾት ሳቢያ የሚሰረዝ አይደለም። ፕሮግራሙ ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጦ በሚፈልግበትና በቅደም ተከተል በሚደረድርበት ጊዜ ብቻ ተመሳሳይ ድምፆችን እንደ አንድ እንዲቆጥር ማድረግ ይቻላል። ይህ ለፕሮግራም አዘጋጅ ከባድ ሥራ አይደለም፤ የሚጎድለው ገዢው መሥሪያ ቤት በውል ላይ መጠየቁ ነው።

ሥርዓተ ነጥብም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶበታል። አራት ነጥብ አንድ ራሱን የቻለ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመንካት የሚጽፉት ብዙዎች ናቸው። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለፕሮግራሙ ግን ዓረፍተ ነገሩ አልተዘጋም። ተማሪ ሥርዓተ ነጥብን ከመጽሐፍ ተምሮ ከማያው ላይ የሚረሳው በዚህ ዓይነት ነው።

5. የመፍትሔ መንገዶች ሲመዘኑ

የመጀመሪያው መንገድ ፊደሉን ራሱን በቁልፉ ላይ ማሳየት ነው። በእጅ ስልኮች ላይ ይህ በከፊል ተፈጽሟል፤ በአንዳንዶቹ ገበታዎች ተጠቃሚው ለን ሲነካ ከለ እስከ ሎ ያሉት ቤቶች ተደርድረው ይወጡለታል፤ እርሱም ይመርጣል። ይህ አሠራር መምህሩ በሰሌዳ ላይ ከሚያስተምረው የፊደል ገበታ ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል። ላቲንን በእንግሊዝኛም ሆነ በሲዳሙ አፎ ልማድ ማወቅን አይጠይቅም፤ ለጀማሪ ተማሪ ከሁሉም የተሻለ ነው። ጉድለቱ ፍጥነት ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ቤት በዓይን ፈልጎ መምረጥ ረዥም ጽሑፍ ለሚጽፍ ሰው አድካሚ ይሆናል። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር ላይ ደግሞ ፊደል የታተመበት ገበታ ወይም ተለጣፊ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ የድምፁን ዘዴ ሳይለቁ ድልድሉን ለሲዳሙ አፎ ልማድ ማስማማት ነው። ኤክስ ጥ፣ ሲ ጭ፣ ሲና ኤች ች፣ ኤስና ኤች ሽ፣ ኤንና ዋይ ኝ፣ ፒና ኤች ጵ እንዲሰጡ ማድረግ ይቻላል። ዛሬ ያለ ክፍያ የሚገኘው ኪማን የተባለው ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ድልድል በተራ የጽሑፍ ሕግ መልክ ለመጻፍ ስለሚያስችል፣ ሥራው ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍልና ከቋንቋ መምህራን አቅም በላይ አይደለም።

ይህ መንገድ ግን የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሳይታሰብበት ቢሠራ አንዱን ስሕተት በሌላ ይተካል። ሁለት ቁልፎች ተጣምረው አንድ ድምፅ እንዲሰጡ ከተደረገ፣ ሁለቱ ድምፆች ለየብቻቸው በሚከታተሉበት ቃል ላይ ግጭት ይፈጠራል። ራስህ ለማለት የሚነኩት ኤስና ኤች ተዋሕደው ራሽ ይሆናሉ፤ እንይ የሚለው ቃል እኝ ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱን የሚለያይ አንድ ቁልፍ መወሰንና ለተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ማስተማር ግዴታ ነው። ጽና ዥም በሲዳሙ አፎ የራሳቸው ድምፅ ስለሌላቸው የተለየ ስምምነት ይሻሉ። ሲዳሙ አፎ ዲንና ኤችን በማጣመር የሚጽፈው ድምፅ በበኩሉ በአማርኛ የለም፤ በግዕዝ ፊደል ግን ለዚሁ ድምፅ ዽ የሚል ቅርጽ ስላለ የሰውና የቦታ ስም ሳይዛባ ለመጻፍ ይረዳል።

ሦስተኛው መንገድ ያለውን የእንግሊዝኛ ልማድ ዘዴ ይዞ ተማሪውን በሥልጠና ማስማማት ነው። በርካሽነቱ ዕቅድ አውጪን ሊማርክ ይችላል። ነገር ግን ወጪው አልጠፋም፤ ከመሥሪያ ቤቱ በጀት ወጥቶ ወደ ተማሪው ጊዜ ተዛውሯል። ይህ መንገድ የሚመቸው እንግሊዝኛ መተየብ አስቀድሞ ለለመዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ነው።

ሦስቱ ሲነጻጸሩ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አስፈላጊ እንዳልሆነ ይታያል። ዩኒኮድ መቀመጫውን አንድ ስላደረገው በየትኛውም መንገድ የተጻፈ ሀ ያው ሀ ነው። ሁሉንም ሰው በአንድ ገበታ ማስገደድ በጽሕፈት መኪናው ዘመን የብረት ግዴታ ነበር፤ ዛሬ ግን ከልማድ በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። የፕሮግራሞቹ ታላቅ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው፤ መሣሪያው የፈቀደውን ነፃነት ለተማሪው አላካፈሉም።

6. ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ለመምህራን የሚተርፈው የመጀመሪያው ነገር የስሕተትን ምንጭ መለየት ነው። ተማሪ በኮምፒዩተር በጻፈው አማርኛ ውስጥ ጥ በሽ፣ ጭ በች ተተክተው ከተገኙ፣ ፊደል አያውቅም ብሎ ከመፍረድ በፊት በእጁ እንዲጽፈው ማድረግ ይገባል። በእጁ አስተካክሎ ከጻፈው ስሕተቱ የገበታው እንጂ የእርሱ አይደለም። በሁለቱ የላቲን ልማዶች መካከል ያለውን ልዩነት በአንድ ክፍለ ጊዜ በሰሌዳ ላይ አነጻጽሮ ማሳየትም ብዙ ድካም ያስቀራል። አራት ነጥብን ከሁለት ሁለት ነጥቦች መለየትም እንደ ማንኛውም የሥርዓተ ነጥብ ትምህርት ሊሰጥ የሚገባው ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ አራት ነገሮች ይቀርባሉ። አንደኛ፣ ለትምህርት ቤቶች የሚገዛ ኮምፒዩተር ፊደል ከታተመበት ገበታ ወይም ከተለጣፊ ጋር እንዲቀርብ በግዢ መስፈርቱ ላይ ማስገባት። ሁለተኛ፣ የተማሪ መዝገብ ፕሮግራም ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት በፍለጋና በቅደም ተከተል ጊዜ እንደ አንድ የሚቆጥር፣ ስሙንም በሁለቱም ፊደላት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ እንዲሆን መጠየቅ። ሦስተኛ፣ በአሮጌ ፎንቶች የተቀመጡ የትምህርት ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መመለስ። አራተኛ፣ ለሲዳሙ አፎና ለአፋን ኦሮሞ አንባቢ የተስማማ የአማርኛ ድልድል በባለሙያዎች ተጠንቶ፣ በጥቂት ክፍሎች ተሞክሮ፣ ውጤቱም በጽሑፍ ተመዝግቦ እንዲሰራጭ ማድረግ።

ከእነዚህ አንዳቸውም አዲስ ፈጠራ አይጠይቁም። በ1971 ዓ.ም. ዘመቻ ጊዜ አሥራ አምስት ቋንቋዎች በአንድ ፊደል ሲጻፉ፣ ፊደሉ ለየቋንቋው ድምፅ እንዲስማማ ተደርጎ ነበር፤ ያን ጊዜ የነበረው መሣሪያ ጠመኔና ሰሌዳ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ከዚያ እጅግ የላቀ፣ ለለውጥም የተመቸ ነው። የሀዋሳው ተማሪ ሦስት ቋንቋ ለመማር የሚከፍለው ድካም በቂው ነው፤ አራተኛ ሆኖ የገበታውን ቋንቋ እንዲማር የሚያስገድደው ምክንያት የለም።